«ሰኞ እንገባለን» እያሉ ወር የሚያልፍበት ስራ፦ ውጪ ሆናችሁ ቤት ስታሳድሱ ለምን ይጓተታል? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

«እህቴ፣ ሰኞ እንገባለን።»
«ሲሚንቶ ጠፋ እኮ።»
«ልጁ አገር ቤት ሄዶ ነው፣ ሲመለስ በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን።»
«ትንሽ ብር ላኪና እንቀጥል።»

ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ የእናታችሁን ቤት ለማሳደስ የሞከራችሁ ሰዎች እነዚህን የድምፅ መልዕክቶች በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ ሆናችሁ «እስኪ ሂድና እየው» የምትባሉት ደግሞ የዚያኑ መልዕክት ሌላኛውን ጫፍ ታውቁታላችሁ።

ጉዳዩ የትዕግስት ማለቅ ብቻ አይደለም። የሚላከው ብር የሰው ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የተሰራ ጉልበት ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮው ከተነሳ በኋላ ስራው ከቆመ ደግሞ ክረምት አይጠብቅም፤ እናት ላስቲክ ተወጥሮላት ታድራለች። ስለዚህ ዛሬ ስራው ለምን እንደሚጓተት፣ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚደረግና ከተጓተተ በኋላ ምን መንገድ እንዳለ ቁጭ ብለን እንይ።

ሁሉም መዘግየት ውሸት አይደለም

መጀመሪያ ይሄን እንለይ። ግንባታ ውስጥ እውነተኛ የሆነ መዘግየት አለ፣ ሰበብ የሆነ መዘግየትም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግን ጥሩውን ሰራተኛ እናስቀይማለን፣ መጥፎውን ደግሞ እናምናለን።

እውነተኛ የሆኑት እነዚህ ናቸው፦

አርማታ ጊዜ ይፈልጋል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። የሚጠበቅበት ጥንካሬ ላይ ደርሷል የሚባለው በ28 ቀን ነው። ስለዚህ ሶሌታ ከተሞላ በኋላ «ሳምንት ሙሉ ማንም ላዩ ላይ አልሰራም» ብለን ብንጮህ ጥፋተኞቹ እኛ ነን።

ልስን መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይላላጣል። በክረምት ደግሞ የሚደርቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ክረምት የውጪ ስራን ያቆማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውጪ ልስን፣ ቁፋሮና ጣሪያ መክፈት አደጋ ነው። አጨዳ ሲደርስ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ከገጠር የመጡ የቀን ሰራተኞች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በበዓል ሰሞንም እንደዚሁ።

የተደበቀ ጉዳት ይወጣል። በተለይ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲሆን ልስኑ ሲነሳ እንጨቱን ምስጥ በልቶት ይገኛል። ይሄን ከመጀመሩ በፊት ማንም በዓይኑ አላየውም።

ሰበቡ የሚታወቀው ግን ዝርዝር ስለሌለው ነው። «እቃ ጠፋ» ሲባል የትኛው እቃ? ስንት? የት ተጠይቆ ጠፋ? በሱ ፋንታ ዛሬ ምን እየተሰራ ነው? እውነተኛ ችግር ያለበት ሰው ለእነዚህ መልስ አለው። ሰበብ የያዘው ሰው «አይ ተይው እህቴ፣ እኔ አለሁ» ነው የሚለው።

ብሩ የት ይሄዳል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። ብዙ አነስተኛ ተቋራጮች በአንድ ጊዜ ሁለትና ሶስት ስራ ይይዛሉ፤ የራሳቸው መነሻ ገንዘብ ግን የላቸውም። ስለዚህ የእናንተ ቀብድ የቀድሞውን ደንበኛ ሴራሚክ ይገዛል። የእናንተ ቆርቆሮ የሚገዛው ደግሞ በሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ነው። የሚቀጥለው ደንበኛ ከዘገየ ወይም ዋጋ ከጨመረ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። «ትንሽ ብር ላኪ» የሚለው መልዕክት የሚመጣው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰራተኛ ነው። ተቋራጩ አራት ግንበኛ ካለው ጠዋት የሚልካቸው በሩ ላይ ቆሞ ወደሚጮህ ደንበኛ ነው። እናንተ በስልክ ነው ያላችሁት። ስልክ ደግሞ ይዘጋል።

ሶስተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። ሶስት ሰው ዋጋ ሰጥቶ አንዱ በጣም ካነሰ ብዙ ጊዜ ወይ ስራውን አልገባውም፣ ወይ ከገባ በኋላ ሊጨምር አስቦ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ እቃ ዋጋ ላይ ተስማምቶ ለወራት መቆየት ከባድ ሆኗል። ይሄን ታሳቢ ያላደረገ ውል መሀል መንገድ ላይ መቆሙ አይቀርም።

አራተኛው እኛው ነን። «እግረ መንገዳችሁን ሽንት ቤቱንም አድርጉት»፣ «እማዬ መስኮቱ ይስፋ አለች»፣ «አጎቴ በሩ በዚህ ይዙር አሉ»። እያንዳንዷ ጭማሪ ቀንም ብርም ትበላለች። ካልተጻፈች ደግሞ ተቋራጩ ለዘገየበት ሁሉ ማምለጫ ትሆነዋለች።

ከመጀመሩ በፊት፦ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

«የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል» የሚለው ነገር ብዙ ቤተሰብ አጣልቷል። ውል የሚጻፈው ስለማንተማመን አይደለም፤ ከሶስት ወር በኋላ ሁለታችንም ያልነውን ስለምንረሳ ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ምስክሮች ይፈርሙበት። እነዚህ ነገሮች ግን ይኑሩበት፦

1. ስራው በልክ። «ቤቱን ማደስ» አይባልም። «80 ካሬ ጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር፣ የቆርቆሮው ውፍረት ይህን ያህል፣ አሸንዳው ከዚህ እስከዚህ» ይባላል።

2. እቃ ማን ይገዛል? የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ እቃን ጨምሮ? ይሄ ካልተለየ ጭቅጭቁ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል።

3. የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን። «በ2 ወር» ከማለት ቀኑን ራሱን ጻፉት።

4. የመዘግየት መቀጫ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (በ1952 ዓ.ም የወጣው) አንቀጽ 1889 ላይ፣ ተዋዋዮች ግዴታው ካልተፈጸመ ወይም በጊዜው ካልተፈጸመ የሚከፈለውን ኪሳራ አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ ይደነግጋል። ለምሳሌ በቀን ከጠቅላላ ዋጋው ከሺህ አንድ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ማለት ይቻላል። የ400,000 ብር ስራ ከሆነ በቀን 400 ብር፣ ቢበዛ 40,000 ብር ነው።

5. ዋጋ ቢጨምርስ? እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። በሕጉ አንቀጽ 1794 መሰረት፣ በውል ሌላ ካልተባለ በስተቀር የጥሬ እቃ ዋጋ መጨመር «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» አይባልም። ማለትም «ሲሚንቶ ስለተወደደ አልሰራም» ማለት ተቋራጩን ከግዴታው ነጻ አያደርገውም። በተግባር ግን የከሰረ ሰው ስራውን ጥሎ ይጠፋል። ስለዚህ ፍትሐዊ የሚሆነው የዋናዎቹን እቃዎች የዛሬ ዋጋ ውሉ ላይ አስፍሮ፣ ከተወሰነ በመቶ በላይ ቢጨምር ልዩነቱ በደረሰኝ እንደሚታይ መጻፍ ነው።

6. ለውጥ በጽሁፍ ብቻ። ማንኛውም ጭማሪ ስራ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ፣ አንድ የተመረጠ ሰው «እሺ» ካላለ አይሰራም። እናትም ብትሆን፣ አጎትም ቢሆኑ።

ሌላው ፈቃድ ነው። ቀለም መቀባትና ግድግዳ ማፍረስ አንድ አይደሉም። የቤቱን ቅርጽ፣ መዋቅር ወይም ስፋት የሚነካ ስራ የግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል። ሳይጠየቅ ተጀምሮ በወረዳው ደንብ አስከባሪ የቆመ ስራ ተቋራጩን ብንሰድበው አይቀጥልም። አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ያለበት አካባቢ በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ውስጥ ይገባ እንደሆነ ወረዳው ጋ መጠየቅ ብር ከመላክ ይቀድማል።

ብሩን በአንዴ አትላኩ

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ክፍያ ከስራ ኋላ እንጂ ከስራ ፊት አይሂድ።

የ400,000 ብሩን ስራ በምሳሌ እንየው፦

ውል ሲፈረም 80,000 ብር (20 በመቶ)
አሮጌው ጣሪያ ወርዶ አዲሱ እንጨት ሲቆም 100,000 ብር
ቆርቆሮና አሸንዳ ሲያልቅ 100,000 ብር
ልስን፣ ኤሌክትሪክና ኮርኒስ ሲያልቅ 80,000 ብር
ርክክብ ከተደረገ ከ30 ቀን በኋላ፣ ጉድለት ከሌለው 40,000 ብር

በዚህ መንገድ ተቋራጩ መጀመሪያ ላይ ቢጠፋ ከ80,000 ብር በላይ ይዞ አይሄድም። አሁን በተቃራኒው 70 በመቶውን፣ 280,000 ብሩን፣ አስቀድማችሁ ሰጣችሁ እንበል። የ100,000 ብር ስራ ሰርቶ ቢያቆም 180,000 ብራችሁ እጁ ላይ ነው። ያኔ ለማኙ እናንተ ትሆናላችሁ።

የመጨረሻዋ 10 በመቶ ደግሞ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስራዋ ትልቅ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የማይዘጋ በር፣ ያልተጠረገ ፍርስራሽ፣ ይሄ ሁሉ የሚስተካከለው ያቺ ብር እናንተ ጋ ስላለች ነው።

እቃ ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዙ። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሴራሚክ አስቀድሞ ተገዝቶ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜም ያተርፋል። ሴራሚክ እንደውም የቀለም ልዩነት እንዳይመጣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምርት ቢገዛ ይሻላል። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። ከ3 ወር በላይ ሲቀመጥ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ እርጥበት ከነካው ደግሞ ይደርቃል። ስራው ሲደርስ ይገዛ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይቀመጥ።

ከጠቅላላ ግምቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ደግሞ ለምስጡና ላልታሰበው ነገር እናንተው ጋ ይቀመጥ። መኖሩንም ለማንም አትንገሩ።

ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ምክንያቱ ላይ «የ2ኛ ዙር ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። በእጅ በጥሬ የተሰጠ ብር በኋላ ምስክር የለውም።

ማን ያያል? በምን ያያል?

ወኪል ስትመርጡ ሁለት ስራዎችን ለዩ፦ ብሩን የሚከፍለውና ስራውን አይቶ «አልቋል» የሚለው አንድ ሰው ባይሆኑ ይመረጣል። ተቋራጩን ያመጣው ዘመድ ደግሞ ተቆጣጣሪ መሆን የለበትም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

የውክልና ወረቀት ካስፈለገ ባላችሁበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይሰጣል። ሲጻፍ ግን ተጠንቀቁ። በሕጉ አንቀጽ 2205 መሰረት ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በእርቅ መጨረስ፣ ክስ ማቅረብና በክስ መከራከር ልዩ ስልጣን የሚጠይቁ ናቸው። ለእድሳት የሚሰጥ ውክልና ላይ ቤት የመሸጥና የማስያዝ ስልጣን መጨመር አያስፈልግም። ፍርድ ቤት የመቅረብ ስልጣን ግን ተለይቶ ቢጻፍ ይጠቅማል፣ ነገ ካስፈለገ ሌላ ቀጠሮ አያስይዛችሁም።

ስልካችሁን ደግሞ እንዲህ ተጠቀሙበት፦

በየቅዳሜው ከተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ አቅጣጫ 10 ፎቶ ይነሳ። ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ስታዩት ስራው መሄዱና መቆሙ ያለ ክርክር ይታያል።

በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ መቼ እንደተነሳ የሚያሳየው መረጃም ይጠፋል።

ቪዲዮ ቀድሞ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ በቀጥታ ጥሪ «እስኪ ወደ በሩ ውጣ፣ ወደ ጣሪያው አሳየኝ፣ ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርጋ» በሉ።

ሰዓቱንም አስቡት። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ላላችሁ ግን እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስራ ሲጀመር እዚያ ሌሊት ነው። ስራ የሚያልቅበት 11 ሰዓት ደግሞ ለእናንተ ጠዋት ነው፣ ሪፖርቱን ያኔ ተቀበሉ። አሰሪ ቤት ሆናችሁ ስልክ የምታገኙት ማታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወኪሉ ቀን ላይ ልኮ እንዲያስቀምጥላችሁ ተስማሙ፤ ተቋራጩን ራሱን ለማግኘት ሌሊት ሙሉ አትጠብቁ።

እዚህ ላለን ወኪሎችም አንድ ነገር አለ። «ሁሉም ሰላም ነው፣ እየተሰራ ነው» የሚል መልዕክት ውጪ ያለችውን እህት አያረጋጋትም። ያላየነውን አየን አንበል። ውጪ ያላችሁ ደግሞ የወኪሉን የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ሸፍኑ። በነጻ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በሁለተኛው ወር መሰልቸቱ አይቀርም።

ስራው ቆሟል፤ አሁንስ?

1. ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «መቼ ትጨርሳለህ?» ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ «በቅርቡ» ነው። «ዛሬ ስንት ሰው ገባ? የጎደለው እቃ ምንድን ነው? እስከ ቅዳሜ የትኛው ክፍል ያልቃል?» በሉት።

2. ብር አቁሙ። የተስማማችሁበት ደረጃ ሳይደርስ «ለማነሳሻ» የሚላክ ብር ብዙ ጊዜ የሚያነሳሳው የሌላ ሰውን ቤት ስራ ነው።

3. ገለልተኛ ሰው ይለካ። ለአንድ ቀን መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ፎርማን ከፍላችሁ የተሰራው ስንት በመቶ እንደሆነና በስንት ብር እንደሚገመት በጽሁፍ ይስጣችሁ። ከዚህ በኋላ ንግግሩ ከስሜት ወደ ቁጥር ይመጣል።

4. በጽሁፍ አስጠንቅቁ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሕጉ አንቀጽ 1772 መሰረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር በመርህ ደረጃ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በአንቀጽ 1774 ደግሞ ማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ ቀነ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሰረት ስራው በዚህ ቀን መጠናቀቅ ነበረበት። እስከ ዛሬ የተሰራው ይህ ነው፣ የቀረው ይህ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረስዎት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ስራውን እንዲያጠናቅቁ እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚደረግን አፈጻጸም እንደማንቀበል፣ ውሉን ሰርዘን ኪሳራ እንደምንጠይቅ እናስታውቃለን።»

በወረቀት ተሰጥቶ ቅጂው ላይ ይፈርም። አልፈርምም ካለ በምስክር ፊት ይሰጠው፣ በቴሌግራምም ይላክለት። ስድብና ዛቻ አትጨምሩበት፤ ያ መልዕክት ነገ ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል።

5. ሽማግሌ። ይሄን መንገድ አትናቁት። ተቋራጩ የሚያፍራቸው ሰዎች ካሉ አንድ እሁድ ከሰዓት ከዓመት የፍርድ ቤት ምልልስ ሊሻል ይችላል። ግን የሽምግልናው ውጤት ይጻፍ፦ ስንት ብር ይመለሳል ወይም ምን ይሰራል፣ እስከ መቼ፣ ፊርማ። በቃል ብቻ የተቋጨ እርቅ ሌላ «ሰኞ እንገባለን» ነው።

6. መለያየት። ውሉ ከተቋረጠ አዲስ ሰራተኛ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ነገር በፎቶና በቪዲዮ ይያዝ፣ ግቢ ውስጥ ያለው እቃ ይቆጠር፣ የመሐንዲሱ ልኬት ይኑር። አዲሱ ሰው አንዴ መዶሻ ካሳረፈበት የትኛውን ማን እንደሰራ ማስረዳት ይከብዳል። ጣሪያው ክፍት ከሆነ ግን ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ሸፍኑ፣ ክርክሩ ይደርሳል።

7. ክስ። አንቀጽ 1771 ውሉ እንዲፈጸም ማስገደድን ወይም ውሉን መሰረዝን፣ ከዚያ ጋርም ኪሳራ መጠየቅን ይፈቅዳል። ፖሊስ ጋ ለመሮጥ ለምትቸኩሉ ግን፦ ዘግይቷል ማለት አጭበርብሯል ማለት አይደለም። መዘግየት በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። የወንጀል የሚሆነው ከመነሻው ማታለል ወይም የተሰጠውን ብርና እቃ ለራስ ማዋል ሲኖር ነው። ብሩ ትልቅ ከሆነ ከመክሰሳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ርክክብ። ስራው አልቆ ደስታው ሲመጣ ወረቀቱ ይረሳል። ርክክቡ ቀኑ ተጽፎ ይፈረም። ሕጉ አንቀጽ 3039 ላይ የግንባታ ስራ ተቋራጭ ስራው በአግባቡ ለመሰራቱና ለጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይናገራል። ያ ቀን የት እንደተጻፈ ካልታወቀ ግን 10 ዓመቱ ከየት ይቆጠራል?

የዘንድሮ እድሳት አስባችሁ ከሆነ ቀኑን ከክረምት ወደ ኋላ ቁጠሩት። ጣሪያው ከግንቦት መጨረሻ በፊት ማለቅ ካለበት ውሉ በመጋቢት ሳይሆን በጥር ይፈረም። ዛሬ ማታ ብር ልትልክ የተዘጋጀች እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ደግሞ ከመላካቸው በፊት ይሄን አጋሯቸው።